የልጄን ጸጉር ቤት ስላስዘጋው አስተያየቴ

ለክቡር አቶ ዓምደሚካኤል፣
የትርዒትና የሕዝብ አስተያየት ተቆጣጣሪ፣
ነቀምቴ።

ዓርብ፣ ግንቦት 4 ቀን 1964 ዓ.ም.

ከሁሉ በፊት የእጅ ጽሑፉን አይተው እንዳይሳሳቱ፣ ይህን ብዕር የያዘችው ልጄ ሎሚ ጨመዳ ስትሆን ቃሉን የምናገረው እኔ አባቷ፣ ኮርቻ ሠሪው ጨመዳ ባቻ ነኝ። እርሷ ሚስዮን ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች፤ እኔ ግን ፊደል የሚባለውን የማውቀው በሩቅ፣ ሰላምታ ሳንለዋወጥ ነው። ልጄ ከእኔ ጋር መነጋገር ካቆመች ዛሬ አሥራ ስምንት ቀን ሆናት። ጻፊልኝ ስላት እሺም እምቢም ሳትል ወረቀትና ብዕር አምጥታ ከፊቴ ተቀመጠች። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ቃሉ ቢሻክርዎ የእኔ ነው፤ ፊደሉ ወረቀቱን ወግቶ በጀርባው ቢወጣ ግን የእርሷ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? አካም ጅርቱ? ቤትዎ፣ ቤተሰብዎ፣ መዝገብዎ፣ ማኅተምዎና የማኅተምዎ ሰም ሁሉ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ከጉልበቴ፣ ከግራ ዓይኔና ከምላሴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴ በእርጅና፣ ዓይኔ ለአርባ ዓመት ቆዳ ሲሰፋ በኖረ መርፌ፣ ምላሴ ግን ከእርስዎ መዝገብ ጋር ከተዋወቀበት ቀን ጀምሮ ታሟል።

ይህ ደብዳቤ ለእርስዎ ይጻፍ እንጂ ለሌላውም ሰው ክፍት ነው። አንዱ ቅጂ እርስዎ ውሳኔዎን በለጠፉበት ሰሌዳ ላይ፣ አንዱ ደግሞ ገበያ መግቢያ ካለው ሾላ ግንድ ላይ ይለጠፋል፤ ማንበብ የሚችል ለማይችለው ያንብብለት። ያጠፋሁት በሰው ፊት ስለሆነ እርማቱን በጓዳ ማድረግ አልወደድኩም።

መቼም ነገር በምስጋና ሲጀመር ደስ ይላል። ሚያዝያ አሥራ አራት ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አዳራሹን አስጠርገው፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ አስጋርደው፣ ሰማንያ ስድስት ሰው አስቀምጠው የፈረንጅ አስቂኝ ፊልም ስላሳዩን በጣም አመሰግናለሁ። እኔንም ጃርሳ ናቸው ብለው ከፊት ረድፍ፣ ከራስዎ ወንበር አጠገብ አስቀመጡኝ። ጃርሳ በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ማለት ነው፤ ሰው ሲጣላ የሚጠራ፣ አንዴ ከተናገረ በኋላ ታናሽ የሆነ ሁሉ ቃሉን የማይመልስበት ሰው ነው። ይህችን ነገር እባክዎ ይያዙልኝ፤ የተበላሸው ሁሉ የተበላሸው በእርሷ ነው።

እርስዎ ፊልሙ ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ እንቅልፍ ስላሸነፈዎትና ራስዎ እስከ መጨረሻው ድረስ የእኔ ትከሻ ላይ ስለነበረ፣ ምን እንዳሳዩን ልንገርዎት። ስለ ትከሻዬ ምስጋና አልፈልግም፤ ሹም ደክሞት ሲያንቀላፋ ማቀፍ የዜጋ ግዴታ ነው።

ፊልሙ ስለ አንድ የሴቶች ጸጉር ቤት ነበር። ባለቤቱ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የሚሮጥ፣ አንዷን ጀምሮ ሌላዋ ስትጠራው የመጀመሪያዋን የሚረሳ ሰው ነው። አንድ ወፍራም ሰውዬ ሪዙን ሊስተካከል ቢመጣ ግማሹን ላጭቶት ጥሎት ሄደ፤ ሰውዬው ፊልሙ እስኪያልቅ በግማሽ ሪዝ ሲዞር ዋለ። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ሚስቱን ፍለጋ ገባ። ባርኔጣ ያደረገ፣ ከዘራ የያዘ፣ አገጩን ወደ ላይ አድርጎ የሚራመድ የተከበረ ሰው ነው። ተቀመጡ ሲሉት ተቀመጠ። ያ ቀጭን ሰውዬ የማንን ራስ እንደያዘ እንኳ ሳያይ ውሃ አፈሰሰበት፣ ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ቢጎዲን ጠቀለለበት፣ ከዚያም ካስክ የሚባለውን የጸጉር ማድረቂያ የብረት ቆብ ደፋበት። ሽማግሌው ይጮኻል፣ ቆቡ ያጓራል፣ የሚሰማው የለም። መጨረሻ ላይ ቆቡ ሲነሳ ራሱ እንደ ጠቦት በግ ጠጉር ክብልል ክብልል ብሎ ነበር። እርሱ ግን አላወቀም። ባርኔጣውን በብብቱ ይዞ፣ አገጩን እንደዚያው ወደ ላይ አድርጎ፣ ለመንገደኛው ሁሉ ሰላምታ እየሰጠ ወጣ።

እኔም ስቄአለሁ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ በኋላ ግን ከኋላ ረድፍ አንድ ሰው፣ ኦቦ ጨመዳን አይመስልም ወይ አለ። ክቡር ሆይ፣ በፊልሙ የሳቀው ሰው ወንበሩ ላይ ሆኖ ነበር የሳቀው፤ በእኔ የሳቀው ግን ከወንበሩ ወደቀ። በዚያ ሁሉ ሳቅ መሃል አንዱን ሳቅ ለየሁት። ከሆድ የሚነሳ፣ መሃል ላይ ትንፋሽ አጥሮት የሚቆም፣ እንደገና የሚነሳ የእናቷ የሟቿ ሳቅ ነው። ብዕሩ ቆመ። አይቁም፣ ጻፊው። ሎሚ ነበረች የሳቀችው።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አስተያየቱ መዝገብ። ፊልሙ ሲያልቅ የአዳራሹን አንዱን በር አስቆልፈው በሌላው በር ላይ ጠረጴዛ አኖሩና አስተያየቱን ያልሰጠ ሰው አይወጣም አስባሉ። የሕዝብን ሐሳብ እስከዚህ ድረስ አክብሮ፣ ሕዝቡን ቆልፎ የሚጠይቅ ሹም በዕድሜዬ አላየሁም። በመልካም አስተዳደግዎም ሽማግሌ ይቅደም አሉ። አቶ ዓምደሚካኤል፣ እርስዎ ከሸዋ ከመጡ ሁለት ዓመትዎ ነው፤ የሰውን ልዩ ልዩ ሐሳብ መስማት የፈለገ ሰው በእኛ አገር ሽማግሌውን በመጨረሻ እንደሚጠይቅ የነገረዎት የለም። ሽማግሌ ከተናገረ በኋላ የቀረው ሰው ሥራ ራሱን መነቅነቅ ነው። እኔም ይህን አላስታወስኩዎትም። ጆሮዬ ውስጥ ያ ሳቅ እየጮኸ፣ ከዘራዬን ይዤ፣ አገጬን ወደ ላይ አድርጌ፣ አሁን ሳስበው ልክ ያንን የፊልም ሽማግሌ ሆኜ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩና፣ ሽማግሌ የሚዋረድበት እንዲህ ያለ ቤት ሊዘጋ ይገባዋል አልኩ። ጸሐፊዎ ጻፈ፤ እኔ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩ። ጣቴ እስከ ማግስቱ ሰማያዊ ነበር፤ እሑድን ሙሉ ሳየውና ስኮራበት ዋልኩ።

ከኋላዬ የቆመው ሥጋ ሻጩ ነመራ ነበር። በሳቅ የወጣው እንባ ገና ጉንጩ ላይ አልደረቀም። አስተያየትህ ሲባል አንዴ እኔን፣ አንዴ መዝገቡን አየና፣ እንደ ኦቦ ጨመዳ አለ። መምህር ተረፋ፣ ያ ሁሉ መጽሐፍ ያነበበ ሰው፣ እንደ ኦቦ ጨመዳ አለ። ቅቤ ነጋዴዋ አዴ ወሰኔ፣ እንደ ኦቦ ጨመዳ አሉ። ሰማንያ አምስት ሰው ስሜን እየጠራ ሲወጣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እንደ ሙሽራ አባት እጅ እነሳ ነበር። የተለየ ነገር የተናገረ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ማሽኑን ለማዞር ከአዲስ አበባ የመጣው ወጣት፣ ፊልሙ ያስቃል ብሎ ነበር። እርሱም የከተማው ነዋሪ ባለመሆኑ ተሰረዘ። እንደዚህ ሆኖ በዚያ መዝገብ ላይ ስለ ፊልሙ የተጻፈው ብቸኛ አስተያየት በላዩ ቀይ መስመር አለበት።

በመዝገቡ ላይ አርባ ሁለተኛዋ ሎሚ ናት። ለእርሷ ጸሐፊዎ አልጻፈላትም፤ ብዕሩን ከእጁ ተቀብላ ራሷ ጻፈች። አባቴ እንዳሉት ብላ ጻፈችና ስሟን ፈረመች። ይህ ሲሆን እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ፊቷን አላየሁም፣ ፊርማዋን ማንበብም አልችል። በሰው ፊት በአባቷ ቃል ላይ ቃል እንዳትጨምር አድርጌ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። በጣም ጥሩ አድርጌ አሳድጌአታለሁ፤ የገዛ ቤቷን እስክታዘጋ ድረስ።

ሁለተኛ፣ ስለ መዝጋቱ። ነቀምቴ ውስጥ የሴቶች ጸጉር ቤት አንድ ብቻ እንደሆነ፣ እርሱም የልጄ እንደሆነ ማንም ያውቃል። ሁለት ዓመት አዲስ አበባ ሰው ቤት ተቀምጣ ሙያውን ተማረች። ስትመለስ ካስኩን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ በብርድ ልብስ ጠቅልላ አስራ፣ እያንዳንዱ ማረፊያ ላይ ወርዳ ሽቅብ እያየች ነው የመጣችው። ከኮርቻ መስፊያዬ ጎን ባለችው ክፍል መስታወት ሰቅላ፣ ነጭ ጋዋን ለብሳ ሥራ ጀመረች። እኔ ግን ለሰው ልጄ ምን እንደምትሠራ ስጠየቅ፣ ጨርቅ ነገር ትሠራለች እል ነበር።

እርስዎም ሰኞ ማለዳ ከሁለት ዘበኛ ጋር ሰምና ክብሪት ይዘው መጡ። እኔ የወቀስኩት ቤት ያለው ባሕር ማዶ ነው፤ የእርስዎ እጅ እዚያ ድረስ ስለማይደርስ የሕዝብ ቃል መሬት እንዳይወድቅ በማለት በሚደርሱበት ቦታ ፈጸሙት። እንዲህ ያለ ትጋት ምስጋና ይገባዋል። ፊልሙ ስለ አንበሳ ቢሆን ኖሮ የከተማው ድመት ሁሉ አልቆ ነበር።

በዚያ ሰዓት ከጉቶ አገር የመጣች አንዲት ሙሽራ ወንበሩ ላይ ነበረች። ግማሽ ራሷ በቢጎዲን ተጠቅልሏል፤ ግማሹ ገና ነው። ዘበኛው ውጪ አላት። ያ ግማሽ ሪዝ የቀረው ሰውዬ ፊልም ነበር፤ በግማሽ ራስ ነጠላ ተከናንባ እያለቀሰች መንገድ የገባችው ልጅ ግን ፊልም አልነበረችም። እርስዎ ወረቀትዎን ዘርግተው በሰማንያ ስድስት ሰው ሙሉ ድምፅ ብለው አነበቡ፤ መጀመሪያ የኔን ስም ጠሩ። ሎሚ በእጇ የነበረውን የብረት ማበጠሪያ ጋዋኗ ኪስ ከተተች፣ መብራቱን አጠፋች፣ በሩንም ዘበኛው ሳይነካው ራሷ ዘጋችው። እኔ በመስፊያዬ ደጃፍ ቁጭ ብዬ የእርካብ ጠፍር እሰፋ ነበር። አየችኝ። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም።

ይዘጋ ያልኩት የፈረንጁን ቤት ብቻ ነው ብዬ ልምልልዎ ተዘጋጅቼ ነበር። ግን ብዕር የያዘችው ፊት ለፊቴ ናት፤ እርሷን እያየሁ መማል አልቻልኩም። እውነቱን ጻፊ፣ ልጄ። ያን ቃል ስናገር ዓይኔ የፈረንጁን ቤት ያይ ነበር፤ ጆሮዬ ግን የልጄን ሳቅ ነበር የያዘው። ትቀጣ ብዬ ነው። እንዲህ ከባድ ቅጣት ግን አላሰብኩም፤ ቢበዛ እራት ላይ ትደነግጥ ብዬ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ምስጋናው ወረቀት። ቤቱ በሰም በታሸገ በሳምንቱ ለመልካም ሥነ ምግባር ጠባቂው ለአቶ ጨመዳ ባቻ የሚል፣ ዳር ዳሩ ወርቃማ የሆነ ወረቀት ላኩልኝ። በሕይወቴ ስሜ የተጻፈበት ወረቀት ስቀበል የመጀመሪያዬ ስለሆነ በምስማር መትቼ ከሳሎኔ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። መጪው ሁሉ ያየዋል፣ ዝም ይላል፤ እኔም ዝምታውን አክብሮት ነው ብዬ ያዝኩት። በስምንተኛው ቀን መምህር ተረፋ ሊጠይቀኝ መጣ፤ ወረቀቱ ፊት ቆሞ አንገቱን እንደታነቀ ዶሮ ወደ ጎን አጣሞ ሲያነብ አየሁት። ምነው አልኩት። ኦቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ተገልብጧል አለኝ። ሎሚ ስምንት ቀን ሙሉ ጠዋትና ማታ ከሥሩ ስታልፍ ከርማለች። ማንበብ ታውቃለች። አልነገረችኝም። ይህ ከምንም በላይ ልቤ ድረስ የዘለቀ ነገር ነው፤ ስድብ ቢሆን ምላሽ አለው፣ ይኼ ግን ምላሽ የለውም።

ወረቀቱን አሁን አላቃናሁትም። እንደተገለበጠ ይኑር፤ የተሰጠኝም እንደዚያው ነው።

አራተኛ፣ ስለ ቢሮዎ መስተንግዶ። ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ወንበር ስበው አስቀምጠውኛል፣ ስለዚህ በአቀባበልዎ ቅር አላለኝም። በመጀመሪያው ቀን ቃሌን ላነሳ ነው የመጣሁት ስልዎ፣ ማመልከቻ በጽሑፍ ያምጡ አሉኝ። የዘጋሁት በአፌ ነው፤ መክፈቻው ለምን በእጅ እንደሆነ አልገባኝም። በሁለተኛው ቀን በጸሐፊ አስጽፌ ባመጣ፣ አስተያየት ሰጪው ራሱ በአስተያየቱ ላይ ቅሬታ ማቅረብ አይችልም አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ከወንበርዎ ተነስተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና፣ አባቴ፣ ትሕትናዎ ነው እንጂ ሕዝቡ በሙሉ እርስዎ ያሉትን ብሏል፤ ሰማንያ ስድስት ሰው ያለውን አንድ ሰው ሊያፈርሰው አይችልም አሉኝ። ሰማንያ ስድስቱንም የሠራው አንድ ሰው እንደሆነ ልነግርዎት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ዘጋሁት። ለካ እኔንም የሚያሸንፈኝ ሰው ኖሯል፤ እርሱም ያ የቅዳሜው ጨመዳ ነው።

አምስተኛ። አምስተኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም፤ በራሴ ላይ ነው፣ ግን ሌላ የሚቀበለኝ ቢሮ ስለሌለ እዚሁ ይመዝገብልኝ። እኔ አርባ ዓመት ኮርቻ ሰፍቻለሁ፤ የሰፋሁት ኮርቻ ላይ ያልተቀመጠ ባላባት በዚህ አገር የለም። ለበዓል ፈረስ ሲመጣልኝ ደግሞ ጋማውን አጥቤ፣ አበጥሬ፣ ጭራውን በቀይ ክር ጎንጉኜ እሰጥ ነበር። ጭራ እንደ ጨመዳ የሚጎነጉን የለም ሲባል ደረቴ ይነፋል። እንግዲህ ይህ የፈረስ ጭራ ጎንጓኝ ነው ልጁ የሰው ራስ ሠራች ብሎ ያፈረው። ይህን ለማወቅ ስድሳ ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ፈረሶቹ ያውቁ ነበር መሰለኝ፣ አይናገሩም እንጂ።

ክቡር ሆይ፣ ቢሮዎ አልሆን ሲለኝ ከዘራዬን ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ። እርስዎ የሕዝብ አስተያየት ተቆጣጣሪ ነዎትና፣ የሕዝቡ እውነተኛ አስተያየት ምን እንደነበረ ላሳውቅዎ ብዬ ነው፤ ያለ ደመወዝ ስለሠራሁልዎ አይቆጡኝ።

ነመራ መጀመሪያ አሁንም እንደ እርስዎ ነው አለኝ። እኔ እኮ አሁን ምንም አላልኩም ስለው ጨነቀው። በጣም ስለምነው፣ ኦቦ፣ እውነቱን ከፈለጉ ያ ባለ ግማሽ ሪዝ ሰውዬ ሥጋ ስመዝን ትዝ ይለኝና ቢላዋው ከእጄ ይወድቃል፤ ሰው አበደ እያለኝ ነው አለ። መምህር ተረፋ በበኩሉ ፊልሙ ጥልቀት ይጎድለዋል፣ የሰዎቹ ጠባይ አልተብራራም ብሎ ብዙ ነገር ተናገረ፤ እኔም ጥሩ አድምጬ፣ ታዲያ አልወደድከውም ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ ነገ ቢያሳዩት ነገ እሄዳለሁ አለኝ። አንዷ የጎረቤት ሴት ፊልሙ ውስጥ ያለችውን ረዳት ጫማ ብቻ ነው ያየችው፤ አንዱ ደግሞ ማሽኑን እንጂ ፊልሙን አላየም፣ ዞሮ ተቀምጦ ነበር። ዘጠኝ ሰው የነገረኝ ይህንና ይህን የመሰለ ነው፤ ከዘጠኙ ቤቱ ይዘጋ ያለ አንድም የለም።

በየቤቱም ያችን አንዲት ጥያቄ ጠይቄአለሁ፤ ኦቦ ጨመዳን ይመስላል ያለው ማን ነው? ሁሉም አላወቅንም፣ እኛ ሩቅ ነበርን ይላል። በመጨረሻ አዴ ወሰኔ ቤት ገባሁ። ወሰኔ እኩያዬ ናት፤ ከልጅነታችን ጀምሮ አንቺና አንተ ነን። ጥያቄውን ገና ሳልጨርስ እኔ ነኝ አለች። ምነው ብላት፣ ምነውማ የለውም፣ ቁርጥ አንተን ነው እኮ፣ አገጩን አላየህም ወይ አለችኝ። ታዲያ መዝገቡ ላይ ለምን እንደ እኔ አልሽ ብላት፣ ተናድደህ ስላየሁህ ልክስህ ብዬ ነበር አለች። ከዚያ ቅቤ የምታነጥርበትን ማንኪያ አስቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፤ ቃሏን እንዳለ ጻፊው፣ ሎሚ።

«እኔ ከፊልሙ ጸጉር ቤቱን ነው ያየሁት፣ ጨመዳ። ሴትዮዋ ወንበሩ ላይ ጋደም ብላ፣ ሌላ ሰው ራሷን በሞቀ ውሃ ሲያጥብላት። እናቴ ከሞተች ወዲህ የኔን ራስ የሰው እጅ ነክቶት አያውቅም ነበር። በጥቅምት ልጅህ ጋ ሄድኩ። አጠበችኝ። ስትጨርስ ዓይንዎን ይግለጡ አለችኝ፤ አልቅሼ ነበርና ውሃ ገብቶብኝ ነው አልኳት፣ እርሷም አዎ ውሃ ነው አለችኝ። አንተ የዘጋኸው ያንን ነው።»

ከዚያ ቤት ስወጣ ከዘራዬን ረስቼ ወጣሁ። እስከ ቤቴ ድረስ ያለ ከዘራ ሄጄአለሁ፤ ጉልበቴን እንኳ አላስታወስኩትም።

ስለዚህ የምለምንዎት ይህን ነው። እኔ ጨመዳ ባቻ ሚያዝያ አሥራ አራት ቀን የተናገርኩት ቃል የተቆጣ ሽማግሌ ቃል ነበር፤ ይኸው በሰው ሁሉ ፊት አንስቼዋለሁ። በቃሌ የታሰሩት ሰማንያ አምስት ሰዎችም ከዛሬ ጀምሮ ነጻ ናቸው። ነገ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስት ሳምንት በሞላው ሰዓት፣ በዚያው አዳራሽ እንገኛለን። መዝገብዎንና ጠረጴዛዎን ይዘው ይምጡ፤ ከፈለጉም በሩን ይቆልፉብን። እንደገና ይጠይቁን። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔን በመጨረሻ ይጠይቁኝ። ሰዎቹን ትመጣላችሁ ወይ ብዬ ጠይቄ እሺ ብለውኛል፤ ለምን ትመጣላችሁ ብላቸው ግን፣ ኦቦ፣ እርስዎ ኑ ስላሉን ነው አሉኝ። ስለዚህ ምናልባት ውጭ ብቆም ይሻላል።

ችኮላዬ ስለምን እንደሆነ ደግሞ ልንገርዎ። ልጄ ሻንጣዋን አስራለች፤ አልጋዋ ሥር ነው፣ አይቼዋለሁ። ሰኞ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ይነሳል። ቢሮዎ የሚከፈተው በሦስት ሰዓት ነው። ካስኩን ይዛ መሄድ አትችልም፤ እርስዎ በሰም ባሸጉት ቤት ውስጥ ነው ያለው። ባዶ እጇን የመጣችበትን መንገድ ትሄዳለች፤ እኔ ከተገለበጠው ወረቀትዎ ሥር እቀመጣለሁ።

በዕድሜዬ ሰውን ስታረቅ ኖሬ የገዛ ቤቴን ያጣላሁ፣ የፈረስ ጭራ ጎንጓኝ፣ የፊልም ሽማግሌ አምሳያ፣ ለክብርዎ እስከ መሬት ዝቅ ልል የሚገባኝ ጉልበቴ ግን ከግማሽ በላይ የማይታጠፍልኝ፣ አክባሪዎ

ጨመዳ ባቻ
የአውራ ጣቱ አሻራ

ማከያ፦ ልረሳው ነበር። ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ወይዘሮ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው በጓሮ በር ገቡ። ሰርግ ተጠርተዋል። እኔ ከገዛ ቤቴ ወደ ውጭ ተሰደድኩና ዝናብ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆምኩ። ልጄ ያቺን በጋዋኗ ኪስ የተረፈችውን የብረት ማበጠሪያ ከሰል ላይ አግላ ጸጉራቸውን ተኮሰችላቸው። ሲወጡ እጅግ አምሮባቸው ነበር። ባለቤታቸው የማኅተም ሰው ስለሆኑ ስማቸውን አልጠራም። እርስዎ ግን ዛሬ ራት ላይ ከሳህንዎ ቀና ብለው ፊት ለፊትዎ ይመልከቱ፤ ደስ ካለዎት አስተያየትዎን መዝገብ ላይ ያስፍሩልን፣ የከተማው ነዋሪ ነዎትና አይሰረዝብዎትም።

በይ ሎሚ፣ ደክሞሻል፤ አሁን ከላይ ጀምረሽ መልሰሽ አንብቢልኝ። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ። ያሳመርኩት ወይም የዋሸሁት ቦታ ላይ ስትደርሺ ቁሚና፣ አባቴ፣ ይህ እንዲህ አልነበረም በይኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ በሰው ፊትም ቢሆን በይኝ። ይህንንም ጻፊው፤ ሾላው ላይ ሰው ሁሉ ያንብበው። ሽማግሌው ከካስኩ ሥር የወጣበት ቦታ ስትደርሺ ደግሞ ሳቅሽን አትያዢ። ቅድም እዚያ ጋ ስትጽፊ ከንፈርሽን ነክሰሽ አይቼሻለሁ።